ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ልዩ ፍላጎት ለትምህርት ቤት ስለሚጽፉት ደብዳቤ

ደብዳቤ ሁለት ዓይነት ነው። የዘመድ ደብዳቤ ናፍቆትንና ሰላምታን ያደርሳል፤ የጉዳይ ደብዳቤ ግን አንድ ነገር እንዲደረግ ይጠይቃል። በዚህ ትምህርት የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ይኸውም ልጃቸው ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ወይም መናገር የተቸገረባቸው፣ ወይም ትምህርት ቶሎ አልገባ ያለበት ወላጆች፣ ልጁ የሚገባውን ትምህርት ያገኝ ዘንድ ለርእሰ መምህሩ የሚጽፉት ደብዳቤ ነው።

በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ፣ በወምበርማና በቋሪት ገጠር፣ አንድ ወላጅ ስለ ልጁ ከመምህሩ ጋር የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ በመንገድ ሲተላለፉ፣ በገበያ ሲገናኙ፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። አባት «መምህር፣ ይህ ልጅ ሰሌዳው አይታየውም» ይላል፤ መምህሩም «እሺ፣ እናየዋለን» ብሎ ይሰናበታል። ሁለቱም የተናገሩት በቅንነት ነው። ነገር ግን መምህሩ የብዙ ልጆችን ነገር በልቡ የሚይዝ ሰው ስለ ሆነ ይህ ቃል ከሌላው ጋር ይደባለቅበታል፤ በዓመቱ ማብቂያም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረ እንደ ሆነ የተነገረው ቃል አብሮት ይሄዳል። በመስከረም ወር አዲስ መምህር ሲመጣ አባት ነገሩን እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንዲህ እየሆነ ሦስትና አራት ዓመት ያልፍና ልጁ ፊደል ሳይለይ ያድጋል፤ በመጨረሻም «ትምህርት አልሆነውም» ተብሎ ከብት ይጠብቃል፤ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከቤት ትቀራለች። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚባለው ተረት እንዲህ ላለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

ስለ ደብዳቤው አጻጻፍ ከመነገሩ አስቀድሞ፣ ደብዳቤው ስለ ምን እንደሚጠይቅ በሚገባ ማስተዋል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ልጁን ከትምህርት የሚያግደው የዓይኑ ወይም የጆሮው ጉዳት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ጎጃም ራሱ ሌላ ነገር ያስተምራል። በዋሸራና በጎንጅ፣ እንዲሁም በሌሎች የቅኔ ቤቶች፣ ትምህርቱ በቃል የሚነገርና በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ማየት የተሳናቸው ደቀ መዛሙርት ከሌሎቹ እኩል ሲቀኙና ዜማ ሲማሩ ኖረዋል፤ ከእነዚህም መካከል መምህር ለመሆን የበቁ አሉ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ሰሌዳና ጠመኔ፣ ደብተርና መጽሐፍ ይዞ መጣ። በቅኔ ቤት ይማር የነበረው ያው ልጅ፣ ዓይኑ ሳይብስ፣ አእምሮውም ሳይለወጥ፣ ሰሌዳ ፊት ሲቀመጥ የማይማር ሆኖ ተገኘ። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የቀድሞው ትምህርት ሁሉ በጆሮ የሚገባ ስለ ነበረ ለእርሱ በሩ ዝግ ነበር፤ በጽሑፍና በሥዕል የሚያስተምረው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ግን፣ መምህሩ የምልክት ቋንቋ ቢያውቅ፣ ሊከፈትለት ይችላል። እንግዲህ ልጁን ከትምህርት የሚያርቀው ጉዳቱና የማስተማሪያው መንገድ አለመገጣጠማቸው ነው። ጉዳቱን ትምህርት ቤት ላያድነው ይችላል፤ የማስተማሪያውን መንገድ ግን ሊለውጠው ይችላል፤ ወላጅም የሚጽፈው ይህ እንዲለወጥ ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳት ላለባቸው ልጆች የሚሆን ዘመናዊ ትምህርት የተጀመረው በ1917 ዓ.ም. በምዕራብ አገር በደምቢ ዶሎ፣ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ሚሲዮናውያን በከፈቱት ትምህርት እንደ ሆነ ይነገራል። ከዚያ በኋላ በሰበታ፣ በሻሸመኔና በባኮ ማየት ለተሳናቸው፣ በአዲስ አበባ በመካኒሳና ከዚያም በሆሳዕና መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሰው አፍርተዋል። ከወሎ ከሳይንት የተወለደችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመት ዕድሜዋ የዓይኗን ብርሃን አጣች፤ ቤተ ሰቦቿም ማየት ለተሳናቸው ወደሚያስተምረው ወደ ሻሸመኔው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ላኳት። ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምራ የአካል ጉዳተኞች መብት ጠበቃ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው የዓለም ሽልማት ተሰጣት። ዳሩ ግን ከሳይንት እስከ ሻሸመኔ ያለው መንገድ እጅግ ሩቅ ነው፤ የቡሬም ገበሬ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት መኖሩን ቢሰማ እንኳ ትንሽ ልጁን ከቤቱ አውጥቶ ለመስደድ ልቡ አይቆርጥም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ ከብዙዎቹ ልጆች ጥቂቶቹ ብቻ ይማሩ ነበር።

ስለዚህ መንግሥታት ሌላ መንገድ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ1994 በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው፣ ጉዳት ያለበት ልጅ በሰፈሩ ባለው ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር እንዲማር ተስማሙ። ይህ ዛሬ አካቶ ትምህርት የሚባለው ነው። በዚያው ዓመት፣ በ1986 ዓ.ም.፣ የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአካል ጉዳት ያለባቸውም ሆኑ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ልጆች እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ አዟል። በ1998 ዓ.ም. ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ለብቻው ስትራቴጂ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሽሎ ተጻፈ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ይናገራል። ከሁሉም ይልቅ ለወላጅ የሚጠቅመው ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ነው፤ በዚህ ስምምነት አንቀጽ 24 ማንም ልጅ ስለ ጉዳቱ ከመደበኛው ትምህርት እንዳይከለከልና ለእርሱ የሚስማማ ማመቻቸት እንዲደረግለት ተጽፏል። በአንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው፣ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ ክፍል ነው። እንግዲህ ደብዳቤ የሚጽፍ ወላጅ ምጽዋት የሚለምን አይደለም፤ ሕግ ያዘዘውን የሚያስታውስ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ደብዳቤ የሕግ ቁጥር መደርደር ግድ አይደለም፤ መምህሩን ከማስቀየም በቀር የሚያመጣው ጥቅም ጥቂት ነው።

አንዲት ገጽ ወረቀት ይህን ያህል ምን ትሠራለች የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የገባች ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ይሰጣታል፤ በልጁ ፋይል ውስጥ ትቀመጣለች፤ መምህሩ ቢለወጥ ርእሰ መምህሩ፣ ርእሰ መምህሩም ቢለወጥ ፋይሉ ይቀራል። ደግሞም ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሐፍ ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች በጉዳታቸው ዓይነት ይቈጠራሉ፤ ቍጥሩም የሚመጣው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሞልቶ ከሚልከው ቅጽ ነው። ሰሌዳ የማይታየው ልጅ እንደ ማንኛውም ልጅ ተቈጥሮ ካለፈ፣ ለእርሱ የሚሆን መጽሐፍም ሆነ ባለሙያ ወረዳው ሊመድብ ምክንያት አያገኝም። ቅጹን የሚሞላው መምህር ግን የወላጅ ደብዳቤ በእጁ ካለ ሊዘለው አይችልም።

በሌላም አገር ነገሩ የተለወጠው በወላጆች ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር አቋቁመው፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ለምን ይመለሳሉ ብለው ግዛቱን ከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ፍርድ ቤቱ ልጆቹ እንዲማሩ የሚያደርግ ውል አጸደቀላቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ለአገሪቱ ሁሉ የሚሆን ሕግ ወጣ። ዛሬ በዚያ አገር ወላጅ ልጄ ይመርመርልኝ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ትምህርት ቤቱ ተስማምቶ ወላጅም በፊርማው ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ፣ ግዛቱ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር፣ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። የጎጃም ገበሬ ግን ቀኑን ራሱ በደብዳቤው ውስጥ ማስገባት ይገባዋል፤ ይህም እንዴት እንደሚሆን ወደ ኋላ ይታያል።

ወላጅ ብዕር ከመያዙ በፊት ልጁን በቤት ይመልከት። ልጁ መጽሐፉን ምን ያህል ወደ ዓይኑ ያስጠጋል? ከኋላው ሲጠሩት ይዞራል ወይስ አይዞርም? የሚሰማው በየትኛው ጆሮ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን ሲሆን ይብስበታል? ይህን ሁሉ ከመምህር ይልቅ እናት ታውቃለች። ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይውሰደው። በዐማራ ክልል ትራኮማ እጅግ የበዛ በሽታ ነው፤ በልጅነት የሚጀምረው የዓይን መቅላትና መላቀስ እየተመላለሰ ሲሄድ የዓይኑን ቆብ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ በጕልምስናም ያሳውራል። ጧት ጧት ፊትን በውሃ መታጠብና ዘመቻ ሲመጣ የሚታደለውን አዚትሮማይሲን መውሰድ ይከላከለዋል። የጆሮ መግልም እንዲሁ ቢታከም ይድናል፤ ቢተው መስማትን ይቀንሳል። መነጽር ብቻ የሚበቃው ልጅም አለ። ለእንዲህ ያለው ልጅ በትምህርት ቤት ልዩ ርዳታ መለመን ሳያስፈልግ ነገሩ ያልቃል። መዳኛ የሌለው ሲሆን ደግሞ ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት ቅጂው ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል። የሐኪም ወረቀት ባይኖር ግን ደብዳቤው እስኪገኝ ድረስ አይቆይ፤ ወላጅ ያየው ነገር ራሱ ማስረጃ ነው።

ብዙ ጊዜ በገጠር የሚጻፈው ማመልከቻ እንዲህ ያለ ነው፦

«ይድረስ ለክቡር ርእሰ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እኔ ድኻ ስሆን ልጄ ዕውር ስለ ሆነብኝ በመንግሥት ስም አንድ ነገር እንዲደረግልኝ በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ።»

ሰላምታው መልካም ነው፤ የአገራችን ጨዋነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ያነበበ ርእሰ መምህር ከማዘን በቀር ምን ያደርጋል? ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው? ጭራሽ አያይም ወይስ ጥቂት ያያል? «አንድ ነገር» የተባለውስ ምንድር ነው? ደግሞ «ዕውር» የሚለው ቃል፣ «ደንቆሮ» እና «ዱዳ» የሚሉትም፣ በፋይል ከገቡ በኋላ ልጁን እስከ 12ኛ ክፍል ይከተሉታል፤ የክፍል ልጆችም ይይዟቸዋል። ማየት የተሳነው፣ መስማት የተሳናት ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ልጁ ማድረግ የሚያቅተውን ነገር ራሱን መግለጽ ነው። አሁን ሌላ ደብዳቤ ይታይ። ጻፈ የተባለው ሰው ለምሳሌ የታሰበ የጃቢ ጠህናን ገበሬ ነው።

«መስከረም 8 ቀን … ዓ.ም.
ለ… የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት
ጉዳዩ፦ ለልጄ በትምህርቱ ርዳታ እንዲደረግለት ስለ መጠየቅ

ልጄ እገሌ በትምህርት ቤታችሁ በ3ኛ ክፍል ይማራል፤ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ከሁለተኛው ረድፍ ሆኖ ማንበብ አልቻለም፤ መጽሐፍ ግን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ያነባል። ከብት ሲጠብቅ የእኛን ከሰው ከብት በርቀት አይለይም፤ ሲመሽም መንገድ ይስታል። በነሐሴ ወር ጤና ጣቢያ ወስጄው የተጻፈልኝን ወረቀት ቅጂ አያይዣለሁ። በቃል የተነገረውን በሚገባ ይይዛል፤ የሒሳብ ጥያቄ በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል።

ስለዚህ በፊተኛው ወንበር እንዲቀመጥ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡለት፣ በፈተና ጊዜ ጥያቄው በጉልህ እንዲጻፍለት ወይም እንዲነበብለትና ጊዜ እንዲጨመርለት በትሕትና እጠይቃለሁ። በወረዳው ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያውቅ ባለሙያ ካለ ልጄን መጥቶ እንዲያየው ይጻፍልኝ። እኔም በበኩሌ ማታ ማታ ታላቅ እኅቱ መጽሐፍ እንድታነብለት አድርጌአለሁ። በዚህ ጉዳይ ለመነጋገር ጥቅምት 5 ቀን ጧት በሦስት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት እመጣለሁ፤ ቀኑ የማይመች ከሆነ ሌላ ቀን ይነገረኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ የአባት ስምና ፊርማ»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው የከብቱ ነገር ነው። «ዓይኑ ደካማ ነው» ቢባል እያንዳንዱ ሰው እንደ መሰለው ይተረጕመዋል፤ «የእኛን ከሰው ከብት አይለይም» ሲባል ግን ከገበሬ ቤት የወጣ መምህር ሁሉ ልጁ ምን ያህል እንደሚያይ ወዲያው ይገባዋል። ደግሞ አባት ልጁ የሚችለውንም ጽፏል። ወላጆች ርዳታ ለማግኘት ሲሉ የልጁን ጉድለት ብቻ ይዘረዝራሉ፤ መምህሩ ግን በምን በኩል እንደሚያስተምረው የሚያውቀው ከሚችለው ነገር ነው። በዚህ ልጅ ዘንድ መንገዱ ጆሮው ነው። የተጠየቀውም ነገር ከወረዳው ባለሙያ በቀር ገንዘብ አያስወጣም፤ ርእሰ መምህሩ በዚያው ቀን «ይሁን» ሊል ይችላል። በመጀመሪያ የሚቻለውን ጠይቆ ካገኙ በኋላ የሚከብደውን መጠየቅ ይቀላል። በመጨረሻም ቀኑ አለ፤ መቼ ይመለስልኛል ብሎ በደጅ ከመቆም፣ በዚህ ቀን እመጣለሁ ማለት ጨዋነትም ነው፣ ጥንካሬም ነው።

የሚጠየቀው ነገር እንደ ልጁ ይለያያል። እግሩ ለማይታዘዘው ልጅ፣ ክፍሉ ደረጃ የሌለው እንዲሆንና መጸዳጃው እንዲመቸው ይጠየቃል፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመቹ እንዲሆኑ ያዝዛል። ጭራሽ ለማያይ ልጅ የሚያስፈልገው ብሬይል ነው። ይህ ጽሕፈት እ.ኤ.አ. በ1829 ሉዊ ብሬይል የተባለ ፈረንሳዊ ያሳተመው፣ በስድስት ነጥቦች የተመሠረተና በጣት የሚነበብ ነው። ራሱ ሉዊ በልጅነቱ የዓይኑን ብርሃን ያጣ ሰው ነበር። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ተለይተው ስለሚጻፉ፣ ከሁለት መቶ በላይ የሆነውን ፊደል አንድ በአንድ መሸምደድ አያስፈልግም፤ ዓይናማ መምህርም ቢተጋ ሊማረው ይችላል። ስለዚህ ወላጅ በደብዳቤው ለልጁ ስሌትና ስታይለስ፣ ለመምህሩም ሥልጠና እንዲጠየቅ ያመለክታል።

መስማት የተሳነው ልጅ ነገር ከሁሉ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያሻል። አንድ እንዲህ ያለ ልጅ ብቻውን ምልክት ከማያውቅ መምህርና ምልክት ከማያውቁ ልጆች ጋር ቢቀመጥ፣ በመዝገብ ተማሪ ይባላል እንጂ የሚማረው ነገር የለም። ቋንቋ የሚገኘው ከሰው ጋር በመነጋገር ነው፤ የምልክት ቋንቋም ምልክት የሚያውቁ ሌሎች ሰዎችን ይፈልጋል። እንዲያውም ብዙዎቹ በቤታቸው በእጅ ጥቅሻ ውሃና እንጀራ ከመጠየቅ በቀር ቋንቋ ሳይኖራቸው ዐሥር ዓመት ይሞላቸዋል፤ ይህም በኋላ ለመመለስ የሚያስቸግር ጉዳት ነው። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ልጅ ወላጅ «በፊት ወንበር ይቀመጥ» ብሎ ቢጽፍ ጥቂት ነው። ሊጠይቅ የሚገባው፣ በወረዳው ወይም በዞኑ መስማት ለተሳናቸው የተለየ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት የትኛው እንደ ሆነ፣ ልጁን እዚያ ለማስገባት ምን እንደሚያስፈልግ፣ እስከዚያም ድረስ መምህሩና ወላጆቹ የአማርኛን የጣት ፊደልና ዋና ዋና ምልክቶችን ከማን እንደሚማሩ ነው። የምልክት ቋንቋ እንደ ማንኛውም ቋንቋ ሰዋስው አለው፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል።

መጻፍ የማይችል ወላጅ ስለዚህ አይፈር። ከፍርድ ቤትና ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፤ እነርሱ ግን ለሁሉም ጉዳይ አንድ ዓይነት ቃል ስለ ለመዱ፣ «በታላቅ አክብሮት» እያሉ ገጹን በሰላምታና በልመና ሞልተው የልጁን ነገር በአንድ መስመር ይዘጉታል። ከእነርሱ ይልቅ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚማር የጎረቤት ልጅ፣ እናት የምትናገረውን እንዳለ ቢጽፍላት የተሻለ ይሆናል። ጸሐፊው ጽፎ ሲያበቃ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብላት፤ እርስዋም ያልተናገረችው ነገር ካለ እንዲሠረዝ ታድርግ፤ ከዚያ በኋላ የጣት አሻራዋን ታድርግበት፤ ያነበበላት ሰውም ስሙን በምስክርነት ይጻፍ።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ ለትምህርት ቤቱ ይሰጣል፤ በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀን ጽፎ እንዲፈርምበት፣ ማኅተም ካለ እንዲመታበት ይደረግና ወላጅ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ይህን መጠየቅ መምህሩን አለማመን የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን መሬት ሲለካና ግብር ሲከፈል ደረሰኝ የሚይዝ ገበሬ፣ ስለ ልጁ ወረቀት ቢይዝ ማን ይነቅፈዋል? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዐማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህራንም ተበታትነዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በትምህርት ቤት ያለው ፋይል ቢጠፋ እንኳ፣ በሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ቅጂ ልጁ ወዴትም ቢሄድ አብሮት ሊሄድ ይችላል።

በተባለው ቀን ወላጅ ሲሄድ መልስ ካገኘ፣ የተስማሙበት ነገር በዚያው ቅጂ ጀርባ ይጻፍ። መልስ ካላገኘ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጽፋል፤ «በመስከረም 8 ቀን ጽፌ በዚህ ቁጥር ገቢ ሆኖልኛል» ብሎ የመጀመሪያውን ይጠቅሳል፤ በዚህ ጊዜ ለወላጅና መምህር ኅብረት እንዲሁም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ያደርጋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ግልባጭ ማብዛት አይገባም፤ ገና ያልተጠየቀ ሰው እንደ ተከሰሰ ይቆጥረዋልና። ከወረዳው በላይ የዞኑ ትምህርት መምሪያ፣ ከዚያም በባሕር ዳር የክልሉ ትምህርት ቢሮ አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ መልስ የጠፋ እንደ ሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት አስተዳደር በደል በጽሑፍም በቃልም ያለ ክፍያ አቤቱታ ይቀበላል። ወላጅ እዚያ ሲደርስ በእጁ የሚኖረው ማስረጃ እነዚያ የተፈረመባቸው ቅጂዎች ናቸው።

ትምህርት ቤቶች ሁሉ ልጇን ቢመልሱባት ሌላ መንገድ የፈለገች እናትም በአገራችን ነበረች። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጇን አስቀምጦ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ባጣች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል ራሷ ከፈተች፤ በ2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ እስክታርፍ ድረስም ለብዙ ልጆች መማሪያ ሆነላቸው። እያንዳንዱ ወላጅ ትምህርት ቤት ሊከፍት አይችልም፤ እንዲከፍትም አይጠበቅበትም።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር ይቀራል። ደብዳቤው በነሐሴ መጨረሻ ምዝገባ ሲጀመር፣ ቢዘገይም እስከ መስከረም አጋማሽ ቢገባ መልካም ነው፤ የክፍልና የመምህር ድልድል የሚደረገው ያን ጊዜ ነውና። በኅዳርና በታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ወላጁንም ልጁንም ይይዛል። በተለይ ልጁ 8ኛ ክፍል የደረሰ እንደ ሆነ መዘግየት አይገባም፤ ለክልላዊው ፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎች ስም ከፈተናው ወራት አስቀድሞ ስለሚላክ፣ አንባቢ ወይም በጉልህ የተጻፈ ወይም የብሬይል ፈተና የሚያስፈልገው ልጅ በዚያን ጊዜ ካልተመለከተ፣ በፈተናው ዕለት ወረቀት ይዞ ቁጭ ከማለት በቀር የሚያደርገው አይኖርም።

መልመጃ። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ይሁኑ። አንዱ የአንዲት እናት ቃል ይናገር፤ ልጅዋ 7 ዓመት የሆናት፣ በግራ ጆሮዋ የማትሰማ፣ በቀኝዋም በጥቂቱ የምትሰማ፣ ከመምህሩ ፊት ስትቀመጥ ግን የከንፈሩን እንቅስቃሴ እያየች ብዙውን ነገር የምታስተውል ናት። ሁለተኛው ደብዳቤውን ይጻፍ። ጽፈው ሲጨርሱ መምህሩ ደብዳቤዎቹን ለክፍሉ ያንብብ፤ ተማሪዎችም ርእሰ መምህሩን ሆነው፣ በዚያው ቀን ሊፈጽሙት የሚችሉት ጥያቄ የትኛው እንደ ሆነ፣ ወደ ወረዳው ሊልኩት የሚገባውም የትኛው እንደ ሆነ ይለዩ።